የውሰት አመኔታ

አብዛኞቹ የሰው ልጅ ሥራዎች ሠሪውን የሚመዝኑት በገዛ እጁ ሥራ ነው። ግንበኛው በግድግዳው ልክነት፣ የሒሳብ ሠራተኛው በመዝገቡ ትክክለኛነት፣ ሐኪሙ በምርመራው ጥንቃቄ ይጠየቃል፤ በሽተኛው መድኃኒቱን አልውጥም ቢል እንኳ ሐኪሙ ያዝን ይሆናል እንጂ ደመወዙ አይቈረጥም። ሽያጭ ግን ሠሪውን የሚመዝነው ሌላ ሰው በሚወስነው ውሳኔ ነው። ሻጩ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ፣ ሲደውልና ሲመላለስ ቢውል ገዢው እሺ ብሎ እስካልፈረመ ድረስ ሥራው እንደተሠራ አይቈጠርለትም፤ በአንጻሩ ምንም ሳይደክምበት የፈረመለት ሰው ቢገኝ ውጤቱ ሙሉ ሆኖ ይመዘገብለታል። ከዚህ እንደሚታየው ሻጭ የሚጠየቅበት ነገር በእርሱ ሥልጣን ሥር ያልሆነ፣ የሌላ ነጻ ሰው ፈቃድ ነው። አሠሪው ገዢውን ማዘዝ አይችልም፤ ማዘዝ የሚችለው ሻጩን ነው፤ ስለዚህ በገዢው ላይ ሊያሳርፈው ያልቻለውን ትእዛዝ በሻጩ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሻጩም በተራው ትእዛዙን ወደ ማስረዳት፣ ወደ ማግባባት፣ ወደ ልመና፣ አንዳንዴም ወደ ጫና እየለወጠ ለገዢው ያደርሰዋል።

ይህ ተጠያቂነት በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለን ሰው የሚያስጨንቅ ቢሆንም፣ ትምህርቱን ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን በያዘ ወጣት ላይ ሲወድቅ የተለየ መልክ አለው። ጫና የበዛበት ሽያጭ ሲባል አድካሚ ሥራ ማለት ብቻ አይደለም፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊሸጥ የሚገባው መጠን አስቀድሞ የሚቈረጥበት፣ ይህም በመዝገብ ቋንቋ ኮታ፣ በሠራተኛው አፍ ደግሞ «ታርጌት» የሚባለው ነገር ከሠራተኛው ገቢ ወይም ዕድገት ጋር የሚታሰርበት፣ ያላሟላውም ሰው በቀላሉ የሚሰናበትበት አሠራር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። አንድ ቤተሰብ አፓርታማ ልግዛ አልግዛ እያለ የሚያመነታበት ጊዜ ከዚህ ሊረዝም ስለሚችል፣ በአዲስ አበባ የቤት አልሚ ድርጅቶች ውስጥ የሚቀጠር ጀማሪ ሴልስ፣ ማለትም የሽያጭ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያው ደንበኛው አስቦ ሳይጨርስ የራሱ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅበት ይችላል። በሥራው የቈየ ሻጭ ከዓመት ዓመት ያፈራቸው፣ በሥራው ያወቁት፣ ቃሉን የፈተኑ ደንበኞች አሉት። ጀማሪው ግን የሥራ ታሪክ ስለሌለው ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ስለ ሻጭነቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁት ልጅነቱን ነው። ስልኩ ውስጥ ያሉት ስሞች የአክስቶቹ፣ የአብሮ አደጎቹ፣ የሰፈሩ ሰዎችና የመምህራኑ ናቸው።

ኮታ በዛሬው መልኩ ሲታይ ከንግድ ጋር አብሮ የተወለደ ቢመስልም የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው። ጆን ፓተርሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1884 በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው ዴይተን ከተማ አንድ አነስተኛ የገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያ ፋብሪካ ገዝቶ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ብሎ ከሰየመው በኋላ፣ ሻጮቹ በቃላቸው አጥንተው የሚናገሩትን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1887 አሳተመ፤ ለእያንዳንዱ ሻጭ ክልል ለየለት፤ ለክልሉም ኮታ ቈረጠ፤ ቈይቶም የሽያጭ ማሠልጠኛ ከፈተ። በኋላ አይቢኤም የተባለውን ኩባንያ ለዐሥርተ ዓመታት የመራው ቶማስ ዋትሰንም ሽያጭን የተማረው በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ በዚሁ ቤት ነው። ለዚህ ሐተታ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይህ ነው፤ የፓተርሰን ሻጭ ኮታ ሲሰጠው ክልልም ይሰጠው ነበር፤ የሚያንኳኳው የማያውቀውን ባለሱቅ በር ነበር፤ ይዞት የሚሄደውም አመኔታ የመሣሪያው፣ የኩባንያውና የራሱ አንደበት አመኔታ ነበር። ኮታው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ክልሉ አብሮት አልሄደም። በአዲስ አበባ ለአንድ ጀማሪ የባንክ ሠራተኛ የተቀማጭ ገንዘብ ታርጌት ሲሰጠው የትኛውን ጎዳና፣ የትኛውን የገበያ ዘርፍ ይዞ እንዲሠራ ብዙውን ጊዜ አይነገረውም። ክልሉ ዘመዶቹ እንደሆኑ ሳይነገረው ይገባዋል።

ወጣቱ ወደ ባንክ የሚገባው ሻጭ ልሁን ብሎ አይደለም። የቅጥር ማስታወቂያው በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ባለሙያ ይፈልጋል እንጂ ስለ ልመና አንድ ቃል አይናገርም። በመስኮት ተቀምጦ ገንዘብ መቀበልና መክፈል፣ ማለትም የቴለርነት ሥራ፣ የሥራው ገጽታ ነው፤ ሆኖም በየወሩ መጨረሻ ቅርንጫፉ በሚያደርገው ግምገማ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ሰው አስተናገደ የሚለው ሳይሆን ስንት ዲፖዚት አመጣ የሚለው መሆኑን ብዙ ሳይቈይ ይረዳዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት የሥራ አስኪያጆች ክፋት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች በዐዋጅ ከተፈቀዱበት ጊዜ ጀምሮ የባንኮቹ ዋና ፉክክር የሌላውን ሰው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው፤ ባንክ የሚያበድረው በአብዛኛው አስቀማጮች ካኖሩት ገንዘብ ስለሆነ ተቀማጭ የሌለው ባንክ የሚሸጠው የለውም። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ያወጣው መመሪያ ደግሞ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት አስገደደ፤ ይህም ማለት 100 ብር ለማበደር 127 ብር ማግኘት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ግዴታው በ2012 ዓ.ም. ሲነሣ፣ በእነዚያ ዓመታት ከላይ ወደ ታች፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ጀማሪው ሠራተኛ መውረድ የለመደው ጥማት ግን አብሮ አልተነሣም።

አሁን ሻጩ ለገዢው የሚያቀርበው ዕቃ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ካለ በኋላ ለተራው የቁጠባ ደንበኛ ባንኮች የሚከፍሉት ወለድ በአብዛኛው በዚሁ ዙሪያ የቆመ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቷል። እንግዲህ በዚያ ዓመት አንድ ወጣት አክስቱን፣ እትዬ፣ ገንዘብዎን ከሌላው ባንክ አውጥተው ወደ እኛ ያምጡልኝ ብሎ ሲጠይቃት፣ የሚያቀርብላት ነገር ካላት ነገር የማይለይ፣ ከዋጋ ንረቱም የማያድናት ነው። በሁለቱ ባንኮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ውስጥ የወንድሟ ልጅ ይሠራል። ዕቃው ከዕቃ በማይለይበት ገበያ ሻጩ የሚሸጠው ዕቃውን ሊሆን አይችልም፤ የሚሸጠው ራሱን፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ አክስቱ ስለ እርሱ ያላትን ስሜት ነው። አክስቲቱ ስትስማማም የምትሰጠው መልስ ለባንኩ የቀረበ መልስ ሳይሆን ለልጁ የቀረበ ስጦታ ነው፤ ባንኩ ይህን ስጦታ በተቀማጭ ዓምድ ሥር ይመዘግበዋል።

አሪስጣጣሊስ በሥነ ንግግር መጽሐፉ ተናጋሪ አድማጩን የሚያሳምንባቸውን መንገዶች ሲለይ፣ ከተናጋሪው ጠባይ የሚመነጨውን አመኔታ ከሁሉ የበረታ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ይህ አመኔታ ከንግግሩ ከራሱ የሚገኝ እንጂ አድማጩ ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ ከነበረው አስተያየት የሚመጣ መሆን እንደሌለበት ያሳስባል። ይህ ማሳሰቢያ ለአንባቢ ጥቃቅን የሊቃውንት ልዩነት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ኮታ የያዘ ወጣት በዘመዱ ቤት ሲቀመጥ የሚሆነው ነገር በዚህ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ወጣቱ ያሳመነው በተናገረው ነገር ሳይሆን ከመናገሩ በፊት በነበረው ነገር ነው። ያ አስቀድሞ የነበረው ነገር ደግሞ የእርሱ ሥራ አይደለም። እናቱ በሰፈሩ ለሃዘንተኛ ወጥ ይዛ የሄደችባቸው ዓመታት፣ አባቱ በዕድሩ ያገለገለበት ዘመን፣ የቤተሰቡ የቃል መታመን ተጠራቅሞ የደረሰው ሀብት ነው። ወጣቱ በእጁ የያዘው በውሰት ነው፤ ኮታውም የሚከፈለው ከዚህ ከተዋሰው ነው፤ አዋሾቹም ንብረታቸው መውጣቱን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ከወጣ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ውስጥ አመኔታ በገንዘብ ጉዳይ ሲገባ እንዲሁ ልቅ ሆኖ እንደማይተው ዕቁብ ምስክር ነው። ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ገና ያልከፈለው ዙር እስካለ ድረስ ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ሁሉም የሚተዋወቁ፣ ሁሉም የሚከባበሩ ቢሆኑም መተማመናቸው በዋስ ይታሰራል፤ ይህም እርስ በርስ ስለሚጠራጠሩ ሳይሆን፣ ወዳጅነቱ ከገንዘቡ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ስለሚጠነቀቁ ነው። ከዘመድ ጋር መብላትና መጠጣት እንጂ መገበያየት አይበጅም የሚለው የቆየ ምክርም ዘመድን ከመናቅ የመጣ አይደለም። ኮታ ግን ይህንን አጥር ሳያንኳኳ ያልፋል፤ ከዘመድ የመጣው ገንዘብ ከባዕድ ከመጣው ጋር በአንድ ሚዛን ስለሚመዘን፣ በዚያ ላይ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ለጀማሪው የተሰጠው ምክር ሳይነገር የተነገረ ይሆናል።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መሠረት ላይ ባተኰረ መጽሐፉ ውስጥ ለማያውቅ ገዢ ዋጋ የማይጨምር፣ ለሕፃን እንኳ እንደ ዐዋቂ በትክክለኛ ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅ ይጠቅሳል። ባለሱቁ ትክክለኛ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚሠራው ግዴታው ስለሆነ ሳይሆን ደንበኛ እንዳይሸሸው ስለሆነ፣ ካንት ሥራውን ከግዴታ የመነጨ ብሎ አይቀበለውም። የወጣቱ ሻጭ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ባለሱቁ ሕፃኑን አይወደውም፤ ጥቅሙን ያውቃል፤ ምክንያቱ ለራሱ ግልጽ ነው። ወጣቱ ግን አክስቱን በእርግጥ ይወዳታል፤ ከጥምቀት በኋላ ስላላያት ሄዶ ሊጠይቃት በእርግጥ ይፈልጋል፤ በዚያው ጉዞ ግን ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን እንደቀረው ያውቃል። ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እግሩን እንዳነሣው ራሱም አያውቅም። ጫና የበዛበት ሽያጭ ካሉት ጉዳቶች ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰውየውን ዋሾ ከማድረጉ በፊት የገዛ ምክንያቱን እንዳያውቅ ያደርገዋል። ጉዳቱም በአንድ ወገን አይቀርም፤ ሁለተኛ ጊዜ ያለ ምንም ጉዳይ ሲመጣ ቤተ ዘመዱ ቡናውን እያቀረበ ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን የተጎዳው የተሸጠበት ጉብኝት ብቻ አይሆንም፤ ምንም ያልተሸጠበትም ጭምር ነው።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያየው ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1696 የተዋዋይን ፈቃድ ጉድለት ያለበት የሚያደርጉትን ሲዘረዝር ስሕተትን፣ ተንኰልንና ኀይልን ይጠቅሳል። አክስቲቱ አልተሳሳተችም፣ አልተታለለችም፣ አልተገደደችምም፤ እሺ ያለችው አልችልም ማለት ስለከበዳት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣችውና ከ1974 ጀምሮ የጸናው ደንብ ቤት ለቤት ዞሮ ለሚሸጥ ሻጭ የፈረመ ሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅዳል፤ ሐሳቡም ሻጩ ከሄደ፣ ግፊቱም ከበረደ በኋላ ገዢው ረጋ ብሎ እንዲያስብ ነው። ይህ መድኃኒት የሚሠራው ሻጩ የሚሄድ ባዕድ ሲሆን ነው። የወንድም ልጅ ግን አይሄድም፤ ውሉ ቢሰረዝም ዝምድናው ስለማይሰረዝ፣ ሦስቱ ቀን ለእርሷ የማሰቢያ ሳይሆን የማፈሪያ ጊዜ ይሆንባታል። ደግሞም ሕጉ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር፣ የሚጠይቀው ገዢው ተጭኖበት እንደሆነ ነው፤ ጫኙ ራሱ የተጫነበት መሆኑን የሚጠይቅበት ቦታ እምብዛም የለውም።

በቤት ሽያጭ ያለው ነገር በአንድ በኩል ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ቢያንስ የሚገዛ ዕቃ አለ፣ ወይም ይኖራል ተብሎ ይታሰባል። የሴልሱ ዋና መሣሪያ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ቅድመ ክፍያውን ካልከፈሉ በሚቀጥለው ሳምንት የካሬው ዋጋ ይጨምራል ይላል። አማርኛ ሱሪ በአንገት የሚለው ዐይነት ጥድፊያ ነው። የሚያስገርመው ግን ይህ አባባል በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው ተመን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲያልፍ፣ ከዚያ በፊት የፈረመ ገዢ ሴልሱን ሊያመሰግን ምክንያት ነበረው። ሆኖም ሴልሱ ይህን የተናገረው ስላወቀ አልነበረም፤ ጠዋት በስብሰባ ላይ እንዲናገር ስለተነገረው ነው፤ ዋጋው ባይጨምርም ይህንኑ ይናገር ነበር። አፍላጦን ጎርጊያስ በተባለው ድርሰቱ ዕውቀት ሳይሰጥ እምነት ብቻ የሚያሳድርን የማሳመን ጥበብ የተቸው በዚህ ምክንያት ነው። የተነገረው ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ተናጋሪውን እውነተኛ አያደርገውም፤ ወጣቱ ሻጭ ለሥራው ሲል በመጀመሪያ የሚለምደውም በእውነትና በሐሰት መካከል ግድ የለሽ ሆኖ መናገርን ነው። ዋሾ ቢያንስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቃል።

አሜሪካዊቷ የኅብረተሰብ ተመራማሪ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ጥናት የአውሮፕላን አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን ተመልክታ፣ በደመወዝ የሚሠራ የስሜት ሥራ እንዳለ አሳይታለች፤ አስተናጋጇ ፈገግታዋን፣ ዕዳ ሰብሳቢው ቁጣውን ለአሠሪው ያመርታሉ። ይህ ሥራ በሁለት መንገድ ይከናወናል፤ አንዱ ያልተሰማን ስሜት በፊት ላይ ብቻ ማሳየት ሲሆን ሌላው ስሜቱ በእርግጥ እንዲሰማ ራስን ከውስጥ መሥራት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግብዝነት፣ ሁለተኛውን ቅንነት ብሎ ይፈርዳል። በጀማሪ ሻጭ ዘንድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። ፊቱን ብቻ የሚያስመስለው ወጣት ማታ ቤቱ ሲገባ ጭምብሉን የሚያወልቅበት ቦታ አለው፤ በማለዳው ስብሰባ ጭብጨባ ልቡ ሞቆ የሚሸጠው ቤት የሰውን ሕይወት እንደሚለውጥ ከልቡ ያመነው ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም። ድርጅቶች ወጣት የሚመርጡት በደመወዝ ርካሽነት ብቻ አይደለም፤ ማመን ስለሚችልም ነው። በአንዳንድ የማስፈረሚያ አዳራሾች፣ በተለይም አባል በአባል በሚመለምልበት ኔትወርክ ማርኬቲንግ በሚባለው ንግድ ውስጥ፣ የሠራተኛው እምነት የሥራው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ያመነ ልጅ ለእናቱ ሲሸጥ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

ኮታው በፈቃድ ሊሞላ ከማይችልበት ደረጃ ሲደርስ የሚሆነው በዌልስ ፋርጎ ታይቷል። ይህ ታላቅ የአሜሪካ ባንክ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ዐይነት አገልግሎት የመሸጥ ግብ ነበረው፤ ሎስ አንጀለስ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ሠራተኞች ኮታ ለመሙላት ቤተሰቦቻቸው ሒሳብ እንዲከፍቱ እስከ መለመን እንደደረሱ፣ ደንበኞች ያልጠየቁት ሒሳብም ይከፈት እንደነበር ገለጸ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲወሰንበት፣ በጉዳዩ 5,300 ያህል ሠራተኞች ቀደም ብለው መሰናበታቸው ታወቀ፤ ብዙዎቹ በቅርንጫፍ ደረጃ የነበሩ ናቸው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው የለቀቀው በቀጣዩ ወር ነው። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሐሰት ሒሳቡ ነው፤ ከሐሰቱ ይልቅ ግን ቅደም ተከተሉ ያስተምራል። ሠራተኛው በቅድሚያ የሄደው ወደ ቤተሰቡ፣ ቤተሰብ ሲያልቅም ወደ ሐሰት ይመስላል። የዘመድ ፈቃድ የባዕድን ፊርማ ከመፈልሰፍ በፊት ያለው የመጨረሻው ሕጋዊ ጣቢያ ነበር ማለት ነው፤ እዚያ የደረሰ ሠራተኛ ቀጣዩ እርምጃ ምን ያህል አጭር እንደሆነ አላስተዋለም።

ለሽያጭ ሥራ የሚቀርበው መከላከያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሃያ ሦስት ዓመቱ እንቢታን በቀን ብዙ ጊዜ የሰማ ወጣት፣ እንቢታ ስድብ እንዳልሆነ ከማንኛውም ባልንጀራው ቀድሞ ይማራል። ከጋራዥ ባለቤት፣ ከጡረተኛ ዳኛና ከእህል ነጋዴ ጋር በአንድ ቀን ያወራ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ያልሰጠውን የሰው ዕውቀት ያገኛል። ጫናም ሁሉ ክፉ አይደለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው አዲስ የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ በተሰጠው የሦስት ወር ጊዜ ውስጥ የባንክ ሠራተኞች አሮጌ ብር በመቀየርና አዲስ ሒሳብ በመክፈት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ተጨንቀው ሠርተዋል፤ ነገር ግን ያኔ ቀነ ገደቡ የገዢው የራሱ ጉዳይ ነበር፤ ሠራተኛው ሰውየውን አጣደፈው ቢባልም ጥድፊያው ከኪሳራ የሚያድነው ነበር። የግፊት ፍትሓዊነት በግፊቱ ብርታት ሳይሆን የቀነ ገደቡ ባለቤት ማን እንደሆነ በመጠየቅ ሊለይ ይችላል ማለት ይቻላል፤ የወሩ መጨረሻ የሻጩ እንጂ የገዢው ቀነ ገደብ አይደለም።

የመርካቶ ልምድም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ዘመድና ንግድ መገናኘታቸው ብቻ ጥፋት ቢሆን ኖሮ መርካቶ ባልኖረ ነበር። ከገጠር የመጣው ልጅ በአጎቱ ወይም በአገሩ ልጅ ሱቅ ገብቶ ሲያገለግል ቈይቶ፣ ዕቃውን ለይቶ፣ ዋጋውን ዐውቆ፣ ደንበኛውን ተላምዶ፣ በመጨረሻ ዕቃ በዱቤ ተሰጥቶት የራሱን ንግድ ይጀምራል። እዚያም የዝምድና አመኔታ ሥራ ላይ ይውላል፤ ነገር ግን አቅጣጫው ሌላ ነው። አመኔታውን የሚሰጠው ባለሱቁ ዘመድ ልጁን ለዓመታት አይቶ፣ ምን እንደሚሰጥ ዐውቆ፣ ቢጠፋም እንደሚጠፋበት ተቀብሎ ነው፤ ከሠመረ ደግሞ ጥቅሙ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይቀራል። ልጁ ዘመዱን የሚያገኘው ሥራውን እንደሚያስተምረው ሰው ነው እንጂ ሥራውን ገና ሳያውቅ እንደ መጀመሪያ ገዢ አይደለም። ባንኩና ቤት አልሚው ግን ለአመኔታው ምንም ሳያዋጡ፣ ቢጠፋም ምንም ሳይከስሩ ትርፉን ይካፈላሉ፤ ሠራተኛው በዓመቱ ቢለቅ ያመጣው ገንዘብ ቢቀርም ባይቀርም፣ የሚያፍረው በዘመዱ ፊት እርሱ ብቻ ነው።

የኮታው መለኪያ ራሱም ለዚህ ይመቻል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ቅርንጫፎች ደንበኞቻቸውን ገንዘባቸውን ለጥቂት ቀን እንዲያቈዩ፣ ሌላ ቦታ ያለውንም እንዲያዛውሩ ይለምናሉ፤ ገንዘቡ በሐምሌ መጀመሪያ ተመልሶ ይወጣል። ባንኩ በእነዚያ ቀናት የሚያበድረው ነገር አላገኘም፤ ያገኘው ቍጥር ነው። ለዚህ ቍጥር ግን አንድ ወጣት ዕድሜ ልኩን ሊጠይቀው የሚችለውን የውለታ ድርሻ ከአንድ ነጋዴ ጎረቤቱ ዘንድ ጨርሷል። መለኪያው በሰኔ 30 ምትክ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቈየውን ገንዘብ ቢቈጥር ኖሮ ልመናው ከንቱ ስለሚሆን በራሱ ይቀንስ ነበር፤ ደንበኛው ለምን ይቈይ የሚለው ጥያቄም ሠራተኛውን ትቶ ወደ አገልግሎቱ ይዞር ነበር።

ከዚህም ሌላ ባንኮች በብድር በኩል የሚከተሉት ደንብ በተቀማጭ በኩል ከሚያደርጉት ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ያሳያል። ሠራተኛ ለዘመዱ ብድር ሊያጸድቅ አይፈቀድለትም፤ የጥቅም ግጭት ይባላል፤ ዝምድና ፍርድን እንደሚያጣምም ባንኩ አጥብቆ ያምናልና። በተቀማጭ በኩል ግን ያው ዝምድና፣ ያንኑ የፍርድ መጣመም በአክስቲቱ በኩል እየፈጠረ፣ እንደ ትጋት ተቈጥሮ ለዕድገት ነጥብ ያሰጣል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው የሚጎዳው ባንኩ ሲሆን በሁለተኛው ባንኩ አይጎዳም። በብድሩ የተጻፈው ጥንቃቄ በተቀማጩም ቢጻፍና ለመጀመሪያው ዓመት ከቅርብ ዘመድ የመጣ ገንዘብ ለጀማሪው ሠራተኛ ታርጌት ባይቈጠር፣ የአዲስ ተቀጣሪዎች ውጤት በእርግጥ ይቀንሳል፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁም ለጀማሪው የገበያ ዘርፍ መለየት፣ ከነባር ደንበኞች ጋር አብሮ ማስተዋወቅና አገልግሎቱን ማስተማር ግድ ይሆንበታል። ይህ ወጪ ዛሬም አለ፤ የሚከፍሉት ግን በየሰፈሩ ያሉ፣ ስማቸው በባንኩ የወጪ መዝገብ ላይ የማይገኝ ሰዎች ናቸው።